ኢስታንቡልን ከቤተሰብ ጋር በ3 ቀን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆችን፣ አንዳንዴም አያትን ይዞ ኢስታንቡል ለመሄድ የሚያስብ ሰው የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ተቀራራቢ ናቸው። እዚህ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቶቹ ግን እኛ እንደምንቆጥረው ነው የተጻፉት።

3 ቀን ይበቃል ወይ?

ከተማዋን አይቶ ለመጨረስ ከሆነ 3 ወርም አይበቃም። ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት፣ በሁለት አህጉር ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ደስ ብሏችሁ ለመመለስ ግን 3 ሙሉ ቀን በቂ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፦ በቀን ከአንድ ትልቅ ቦታ በላይ አትያዙ። ጠዋት፣ ልጆቹ ሳይደክማቸው፣ ትልቁን ቦታ እዩ። ከሰዓት በኋላ ጀልባ ላይ ውጡ ወይም ፓርክ ውስጥ አረፍ በሉ። ማታ ጥሩ እራት ብሉ። በቃ።

ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ፕሮግራም ሐጊያ ሶፊያን፣ ቶፕካፒን፣ ሰማያዊውን መስጊድና ትልቁን ገበያ (ግራንድ ባዛርን) በአንድ ቀን ያጭቃል። ያ ለብቻው ለሚጓዝ ጎልማሳ ሊሆን ይችላል። የ6 ዓመት ልጅ ግን ሦስተኛው ሰልፍ ላይ ሲደርስ ያለቅሳል። እሱ ካለቀሰ ደግሞ የሁላችሁም ቀን ተበላሸ ማለት ነው። ጥቂት አይቶ በደንብ ማስታወስ ይሻላል።

መቼ ብንሄድ ጥሩ ነው?

ሚያዝያና ግንቦት፣ ከዚያ ደግሞ መስከረምና ጥቅምት። አየሩ ለመንገድ ጉዞ ይመቻል። በሚያዝያ ወር ከተማዋ በቱሊፕ አበባ ትሞላለች፤ በተለይ ኤሚርጋን ፓርክ። ሐምሌና ነሐሴ ይሞቃል፣ ሰልፉም ይረዝማል። ክረምታቸው ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ነው። ብርድና ዝናብ አለ፣ አልፎ አልፎም በረዶ ይጥላል። በዚያ ወቅት ቦታዎቹ ጭር ስለሚሉ ለትልልቅ ሰዎች ጉብኝት መጥፎ አይደለም፤ ለሕፃን ግን ወፍራም ልብስ ግድ ነው።

የኢድ በዓላት ላይ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። ግራንድ ባዛር ይዘጋል። ሙዚየሞችም በበዓሉ የመጀመሪያ ቀን አርፍደው ሊከፍቱ ይችላሉ።

የሰዓት ለውጥ ልጆቹን አያውክም?

አያውክም። ቱርክ ከ2016 ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ የምትጠቀምበት ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን በአጭር ጉዞ ላይ አንድ ሙሉ ቀን እንደማትረፍ ነው።

ቪዛና ሰነድስ?

የቪዛው ዓይነት በፓስፖርታችሁና በያዛችሁት የመኖሪያ ፈቃድ ይለያያል። ስለዚህ መነሻችሁ የቱርክ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ይሁን። የመንግሥቱን ኢ-ቪዛ ገጽ አስመስለው ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ገጾች ስላሉ አድራሻውን በደንብ እዩ። ፓስፖርቱ ቪዛው ካበቃ በኋላ ቢያንስ 60 ቀን የሚያገለግል መሆን አለበት። ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሌላኛውን ወላጅ የስምምነት ደብዳቤና የልደት ሰርተፍኬት ያዙ።

የት ሰፈር ብናርፍ ይሻላል?

ልጆች ካሉ የእኔ ምርጫ ሱልጣን አህመት ወይም ከሱ ቁልቁል ያለው ሲርኬጂ ነው። ታሪካዊዎቹ ቦታዎች በእግር ይደረሳሉ። ትራሙ በር ላይ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ቀትር ላይ ልጅ ሲደክም ሆቴል ገብቶ ለማስተኛት 10 ደቂቃ ይበቃል። ይህ ጥቅም ከማንኛውም ጥሩ ቁርስ ይበልጣል። ጉድለቱ፣ ማታ ላይ ሰፈሩ ጭር ይላል፣ ምግብ ቤቶቹም በአብዛኛው ለቱሪስት የተዘጋጁ ናቸው።

ታክሲምና ኢስቲክላል ጎዳና የወጣቶች ሰፈር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል። ካራኮይና ገላታ ያምራሉ፤ ነገር ግን ዳገት ነው። በእስያ በኩል ያለው ካዲኮይ ደግሞ የከተማው ሰው ራሱ የሚኖርበት፣ ገበያውም ምግቡም ጥሩ የሆነ ሰፈር ነው። ለሁለተኛ ጉዞ በጣም እመክረዋለሁ። ለመጀመሪያው ግን በየጠዋቱ ባሕር መሻገር ይጠበቅባችኋል።

ሆቴል ስትይዙ ሊፍት መኖሩን ጠይቁ። በአሮጌው ከተማ ብዙ ትንንሽ ሆቴሎች ጠባብ ደረጃ ብቻ ነው ያላቸው። አያትን 4ኛ ፎቅ በደረጃ ማውጣት አይቻልም።

ከኤርፖርት እንዴት እንገባለን?

መጀመሪያ ትኬታችሁ ላይ የትኛው ኤርፖርት እንደተጻፈ እዩ። ሁለት ናቸው። ትልቁና አዲሱ የኢስታንቡል ኤርፖርት በአውሮፓ በኩል፣ ከከተማው መሃል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ሳቢሃ ጎክቼን ደግሞ በእስያ በኩል ነው።

ከትልቁ ኤርፖርት ኤም 11 የሚባለው ሜትሮ ወደ ከተማው ይገባል። ሃቫኢስት የሚባሉት አውቶቡሶችም ሻንጣ ከታች እየጫኑ ወደ ተለያዩ ሰፈሮች ይሄዳሉ። ከሳቢሃ ጎክቼን ኤም 4 ሜትሮ ካዲኮይ ድረስ ያደርሳል። ይህ ሁሉ ርካሽና ጥሩ ነው። ግን አራትና አምስት ሆናችሁ፣ ማታ ላይ፣ የተኛ ልጅ ታቅፋችሁ ከደረሳችሁ፣ ሆቴሉ መኪና እንዲልክላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ለቤተሰብ ገንዘብ የሚወጣበት አንድ ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

ከተማ ውስጥ በምን እንንቀሳቀስ?

ኢስታንቡልካርት ግዙ። በትራም፣ በሜትሮ፣ በአውቶቡስና በጀልባ የሚሠራ አንድ ካርድ ነው። በየጣቢያው ካሉት ማሽኖች ይገዛል፣ እዚያው ይሞላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትቀይሩ የዝውውር ቅናሽ አለው። ቅናሹ እንዳያመልጣችሁ እያንዳንዱ አዋቂ የራሱን ካርድ ይያዝ።

ለቱሪስት ዋናው መስመር ቲ 1 ትራም ነው። ሱልጣን አህመትን፣ ጉልሃኔ ፓርክን፣ ሲርኬጂን፣ የጀልባ ወደብ የሆነውን ኤሚኖኑን፣ ካራኮይንና ካባታሽን ያገናኛል። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ግን ጢም ብሎ ይሞላል። ጋሪ ይዛችሁ ከሆነ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ባትገቡበት ይሻላል።

ታክሲ ስትይዙ ቆጣሪው መብራቱን እዩ። “ታክሲሜትሬ” ብትሉ ሹፌሩ ይገባዋል። ቢታክሲ በሚባለው መተግበሪያ መጥራት ከመንገድ ላይ ከማስቆም ይሻላል፤ ጉዞው ስለሚመዘገብ ክርክር ይቀንሳል።

የሕፃን ጋሪ ይሠራል?

ሱልጣን አህመት አደባባይና በባሕሩ ዳር ይሠራል። ገላታ ዳገት ላይና የገበያው ጓሮ መንገዶች ላይ አይሠራም። ድንጋይ ንጣፍና ደረጃ ነው። ቀላል፣ የሚታጠፍ ጋሪ ያዙ። ከእሱ ጋር ማዘያ ጨምሩ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ ማዘያውን እመርጣለሁ።

ሐጊያ ሶፊያን እንዴት እንጎብኝ?

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ስጧት። በሩ ሳይከፈት ቀድማችሁ ተሰለፉ። ሕንፃዋ ከ532 እስከ 537 ባለው ጊዜ፣ በ5 ዓመት ውስጥ ነው የተሠራችው። ለዚያ መጠን ይህ ፍጥነት ዛሬም ይገርማል። ለ900 ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በ1453 መስጊድ ሆነች፣ በ1930ዎቹ ሙዚየም፣ በ2020 ደግሞ እንደገና መስጊድ። ስለዚህ ዛሬ የሚጸለይባት ቤት ናት። ምድር ቤቱ ለሰጋጆች ነው። የውጭ ጎብኚዎች ለብቻ በተለየ በር ገብተው ላይኛውን ሰገነት ያያሉ። ይህ አሠራር ከጥር 2024 ጀምሮ ነው፣ ክፍያውም 25 ዩሮ ተብሎ ነው የተጀመረው። የትንንሽ ልጆች መግቢያ ነፃ ስለሆነ ዕድሜያቸውን የሚያሳይ ፓስፖርት ያዙ።

ልጆች “ትልቅ ሕንፃ ነው፣ እሺ፣ እንሂድ” እንዳይሉ የሚፈለግ ነገር ስጧቸው። ከሰገነቱ የእብነ በረድ አጥር አንዱ ላይ አንድ የሰሜን አውሮፓ ወታደር ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት “ሩን” በሚባለው የጥንት የሰሜን አውሮፓ ፊደል ስሙን ቧጭሮ አልፏል። ሃልፍዳን ይባላል። እሱን ፈልጉ በሏቸው። ቀጥሎ ንግሥት ዞዪ ከባሏ ጋር ያለችበትን የወርቅ ሞዛይክ አሳዩአቸው። ባል ሲቀየር የንጉሡም ፊት ተቀይሯል። ጠጋ ብሎ ያየ ልጅ በፊቱ ዙሪያ የተነካካውን ቦታ ያገኘዋል። በመጨረሻም ወደ ጉልላቱ ቀና ይበሉ። ከወለሉ 55 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እድሳት ስላለ የብረት መወጣጫ ሊጋርድ ይችላል። አይክፋችሁ፤ ያለ እድሳት እዚህ አትደርስም ነበር። የመጀመሪያው ጉልላት በ558 ወድቆ እንደገና ነው የተሠራው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ልጆች ይነገር። ይህችን ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ከአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ጋር በአንድ ዘመን የነበረ ነው። መልእክተኛም ልኮበታል። የቀይ ባሕርን ንግድና የደቡብ ዓረብን ጉዳይ ሁለቱ ነገሥታት ተማክረውበታል። ልጅ ይህን ሲሰማ ሕንፃው የሌላ ሰው ታሪክ ብቻ አይሆንበትም። የራሱም ዘመድ በዚያ ዘመን እንደነበረ ይገባዋል።

አለባበስን በተመለከተ፣ ለሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ፣ ለሁሉም ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ። ቀጭን ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ካለ በየመስጊዱ ይጠቅማል።

ሰማያዊው መስጊድ፣ ከመሬት በታች ያለው የውኃ ማከማቻና አደባባዩስ?

ሦስቱም ከሐጊያ ሶፊያ አጠገብ ናቸው። እንደ ትልቅ ቦታ አትቁጠሯቸው፤ አንድ ወይም ሁለቱን ጨምሩ።

ሰማያዊው መስጊድ በ1609 ተጀምሮ በ1616 የተጠናቀቀ፣ 6 ሚናሬት ያለው ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ውስጡን ከ20,000 በላይ የኢዝኒክ ሸክላ ንጣፎች ያለብሱታል። በጸሎት ሰዓት ለጎብኚ ይዘጋል፣ ዓርብ ደግሞ እስከ ጁምዓ ጸሎት ማብቂያ ድረስ ነው። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት አትሂዱ።

የውኃ ማከማቻው፣ ባዚሊካ ሲስተርን የሚባለው፣ የልጆች ደስታ ነው። ከመሬት በታች በ336 ምሰሶ የተደገፈ ሰፊ አዳራሽ ነው። ጨለም ይላል፣ ቀዝቀዝ ይላል፣ ውኃ አለ። ጥግ ላይ ሁለት ምሰሶዎች የሜዱሳ፣ በግሪክ ተረት ጸጉሯ እባብ የሆነው ሴት፣ ራስ ላይ ቆመዋል። አንዱ ራስ በጎን የተጋደመ፣ ሌላው የተዘቀዘቀ ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በበጋ ሙቀት ቀትር ላይ መግባት ትልቅ እፎይታ ነው።

አደባባዩ የጥንቱ የፈረስ ጋሪ መወዳደሪያ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ሐውልት ከግብፅ የመጣ ነው፤ ዕድሜው ወደ 3,500 ዓመት ይጠጋል። በ390 ነው እዚህ የቆመው። ልጆቹ አይስክሬም ሲበሉ አዋቂው ይህን ማየት ይችላል።

ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ልጆችን አያሰለችም?

እንደ አገባባችሁ ነው። ማክሰኞ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አስተካክሉ። ቤተ መንግሥቱ አንድ ሕንፃ አይደለም፤ ግቢ ከግቢ፣ ክፍል ከክፍል እየተከፈተ የሚሄድ ነው። ሁሉንም ክፍል ለማየት ከሞከራችሁ ይሰለቻሉ። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሐረም (የሱልጣኑ ሴቶችና ቤተሰብ ይኖሩበት የነበረው ክፍል)፣ ቀጥሎ የጦር መሣሪያው ክፍል፣ ከዚያ ግምጃ ቤቱ፣ በመጨረሻ ባሕሩን የሚያሳየው ሰገነት። ግምጃ ቤቱ ውስጥ የማንኪያ ሠሪው አልማዝ የሚባል 86 ካራት ድንጋይ አለ። ሰገነቱ ላይ ሆናችሁ ደግሞ ሁለቱን አህጉር የሚለየው ጠባብ ባሕር ቦስፎረስ፣ ወርቃማው ቀንድ የሚባለው የባሕር ክንድና ማርማራ ባሕር የሚገናኙበትን ቦታ ታያላችሁ። ሱልጣኖቹ እዚህ ለምን እንደሰፈሩ ያን ጊዜ ይገባችኋል።

ሐረም ውስጥ የጥቁር ጃንደረቦቹን ማደሪያ ሳታዩ እንዳታልፉ። በሦስት ፎቅ የተደረደሩ ጠባብ ክፍሎች ናቸው። ከአፍሪካ በባርነት ተወስደው እዚህ ካገለገሉት መካከል ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ብዙ ነበሩ። በጣም የታወቀው ሐጂ በሺር አጋ ነው። ከ1717 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1746 ድረስ የሐረሙ አለቃ ነበር። በዚያ ዘመን በግዛቱ ውስጥ እጅግ ኃያል ከነበሩት ሰዎች አንዱ ነው። ቪዚሮች (የሱልጣኑ ሚኒስትሮች) በሱ ቃል ይሾሙና ይሻሩ ነበር። መጻሕፍት የሚወድ፣ ቤተ መጻሕፍት ያቋቋመ ሰው ነው። ያሠራው መስጊድ ዛሬም ከጉልሃኔ ፓርክ ትንሽ ዳገቱን ወጣ ብሎ ቆሟል። ስንቱ ኢትዮጵያዊ ቱሪስት ሳያውቀው በአጠገቡ ያልፋል። ለታዳጊ ልጆች ይህን ታሪክ ከነሐዘኑ ንገሯቸው። ልጅነቱን የተነጠቀ ሰው ታሪክ ነውና ለትንንሾቹ ግን እንዴት እንደሚነገር ወላጅ ያውቃል።

ስትወጡ ቁልቁል ያለው ጉልሃኔ ፓርክ የድሮው የቤተ መንግሥቱ የአትክልት ቦታ ነው። በነፃ ይገባል። ልጆቹን ልቀቋቸውና ይሩጡ።

የቦስፎረስ ጀልባ የትኛው ነው የሚሻለው?

ኤሚኖኑ ስትደርሱ “ቦስፎረስ! ቦስፎረስ!” እያሉ የሚጣሩ ሰዎች ይከቧችኋል። አትቸኩሉ። የማዘጋጃ ቤቱ የመደበኛ መስመር ጀልባዎች እዚያው አጠገብ ናቸው። የከተማው ሰው ሥራ የሚሄድባቸው ናቸው። በኢስታንቡልካርት ይገባል፣ ዋጋው ከትራም ብዙም አይርቅም። ወደ ካዲኮይ ወይም ኡስኩዳር 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቶፕካፒን፣ ሐጊያ ሶፊያን፣ የገላታ ማማንና በባሕሩ መሃል ያለውን የልጃገረዷ ማማ ታያላችሁ። የውጪው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሻይ በትንሽ ብርጭቆ ይዞራል። ልጆቹ ሲሚት የሚባለውን ሰሊጥ የለበሰ ክብ ዳቦ ይዘው ከገቡ ወፎቹ እስከ እጃቸው ይመጣሉ።

ረዘም ያለ ከፈለጋችሁ የ2 ሰዓቱ የቦስፎረስ ዙር ጥሩ ነው። በ1973 የተከፈተው የመጀመሪያው ድልድይ ሥር ታልፋላችሁ። በ1452 በጥቂት ወራት ውስጥ የተሠራው ሩሜሊ ሂሳሪ ምሽግ ይታያችኋል። የሙሉ ቀኑን ጉዞ፣ እስከ ጥቁር ባሕር አፍ የሚደርሰውን፣ ከልጆች ጋር ለ3 ቀን ጉብኝት አልመክርም። በጣም ይረዝማል።

ለልጆች ደግሞ አንድ ጨዋታ አለ። ከሲርኬጂ በማርማራይ ባቡር ባሕሩን ከሥር ተሻገሩ። በ2013 የተከፈተ፣ ከባሕር ወለል በታች የተቀበረ ዋሻ ነው። አንድ ጣቢያ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አውሮፓን ለቃችሁ እስያ፣ ኡስኩዳር ትወጣላችሁ። እዚያ ባሕር ዳር ተቀምጣችሁ ጸሐይ ስትጠልቅ እዩ። መመለሻው በጀልባ ይሁን። በሥር ሄዶ በላይ መመለስ ልጅ ለጓደኞቹ የሚያወራው ነገር ነው። ወጪውም ከአንድ ሻይና ኬክ አይበልጥም።

ለልጆች ብቻ የሚሆን ቦታ አለ?

ራህሚ ኮች ሙዚየም። ወርቃማው ቀንድ ዳር፣ ሃስኮይ ሰፈር ነው። የድሮ መኪናዎች፣ ባቡሮች፣ አውሮፕላን፣ መርከብ፣ እውነተኛ ሰርጓጅ መርከብ ሳይቀር አለ። የሚነካ፣ የሚገፋ፣ የሚዞር ነገር ብዙ ነው። ሰኞ ዝግ ነው። ሰርጓጁ ውስጥ ትንንሽ ልጆች መግባት መቻላቸውን በር ላይ ጠይቁ። ሚኒያቱርክ ደግሞ የቱርክን ታዋቂ ሕንፃዎች 25 ጊዜ አሳንሶ የሠራ ፓርክ ነው። ለትንንሾቹ ይሆናል፣ ታዳጊ ግን ቶሎ ይጠግበዋል።

የመሳፍንት ደሴቶች ያምራሉ። የግል መኪና የለም፣ ብስክሌት ይከራያል። ግን ጉዞው ሙሉ ቀን ይበላል። 4ኛ ቀን ካላችሁ ሂዱ።

አያት ይዘን ነው የምንሄደው፤ ዳገቱስ?

ከታች ወደ ላይ በእግር አታውጧቸው። ካራኮይ ላይ ቱኔል የሚባል የመሬት ውስጥ ባቡር አለ። በ1875 ሥራ የጀመረ፣ ከለንደን ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው አሮጌ ነው። በሁለት ደቂቃ ከፍታው ላይ ያወጣችኋል። ከዚያ በኢስቲክላል ጎዳና ሜዳ ሜዳውን፣ ወይም በቀዩ አሮጌ ትራም ታክሲም መድረስ ይቻላል። የገላታ ማማን ከሥሩ ማየት ይበቃል። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሊፍቱም እስከ ጫፍ አይደርስም፤ የቀረው በደረጃ ነው።

ሐጊያ ሶፊያ ሰገነት የሚወጣው በድንጋይ ዘንበል መንገድ ስለሆነ ጉልበት ለሚያማቸው ይከብዳል። ሰማያዊው መስጊድ ይቀላል። አንዱ ልጆቹን ይዞ ሲገባ ሌላው ከእማማ ወይም ከአባባ ጋር አደባባዩ ላይ ሻይ ቢጠጣ ምንም አይቀርበትም።

ምን እንበላለን? ጾም ላይ ብንሆንስ?

በቱርክ ልጅ ይዞ ምግብ ቤት መግባት ቀላል ነው። አስተናጋጁ ልጁን አቅፎ ሊወስድባችሁ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ፍቅር ነው። ቁርሳቸው ሰፊ ነው፦ አይብ፣ ወይራ፣ እንቁላል፣ ማር፣ ቲማቲምና ኪያር አይቀርም። አርፍዳችሁ በደንብ ብትበሉት ምሳ በሲሚት ይታለፋል።

ለጾም ብዙ ነገር አለ። “ዘይቲንያሊ” የሚባሉት በወይራ ዘይት ተሠርተው ቀዝቅዘው የሚቀርቡ አትክልቶች ናቸው፤ ፎሶሊያ፣ አርቲቾክ፣ በሩዝ የተሞላ የወይን ቅጠል። “ቺ ኮፍቴ” በስሙ ጥሬ ሥጋ ቢመስልም በየሱቁ የሚሸጠው ሥጋ የሌለው፣ ቡልጉር ከሚባል ክክ ስንዴና ከበርበሬ የሚቦካ ነው። በቅመሙ ለእኛ ምላስ ይስማማል። የምስር ሾርባው ግን ቅቤ ወይም የሥጋ መረቅ ሊገባበት ስለሚችል ጠይቁ። ቅቤ “ቴሬያ”፣ ሥጋ “ኤት” ነው። “ኤትሲዝ” ካላችሁ ያለ ሥጋ ማለታችሁ ነው።

ለመጠጥ የታሸገ ውኃ ግዙ።

ግራንድ ባዛር ከልጆች ጋር ይሆናል?

ለአንድ ሰዓት ይሆናል። እሑድ ዝግ ነው። ሱቁ በሺዎች ስለሚቆጠር መጥፋት ቀላል ነው፤ ከመግባታችሁ በፊት የበሩን ቁጥር ፎቶ አንሱና ልጆቹ ብትለያዩ የት እንደሚቆሙ ንገሯቸው። ለመግዛት ግን ኤሚኖኑ ያለው የግብፆች ገበያና በዙሪያው ያሉት የጓሮ መንገዶች ይሻላሉ። ቅመሙ፣ ደረቅ ፍራፍሬው፣ ቡናው እዚያ ነው። ክርክር ነውር አይደለም። ሻይ ቢጋብዟችሁም ጠጥቶ ሳይገዙ መውጣት ይቻላል።

ገንዘብ በምን መልክ እንያዝ?

መገበያያው የቱርክ ሊራ ነው። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ከዓመት በፊት የተጻፈ ዋጋ አትመኑ፤ የመግቢያ ክፍያዎችን በየቦታው ድረ ገጽ እዩ። ዩሮ ወይም ዶላር ይዛችሁ ትንሹን ኤርፖርት፣ ቀሪውን ከተማ ውስጥ “ዶቪዝ” የሚል ምልክት ካለባቸው መመንዘሪያዎች ቀይሩ። ካርድ በብዙ ቦታ ይሠራል። ማሽኑ በሊራ ወይስ በዶላር ብሎ ቢጠይቃችሁ ሊራን ምረጡ።

በአንድ ክፍያ ብዙ ሙዚየም የሚያስገባው የ5 ቀኑ የሙዚየም ፓስ በቀን አንድ ቦታ ለምታይ ቤተሰብ አያዋጣም። ሐጊያ ሶፊያንና የውኃ ማከማቻውንም አያካትትም።

ከተማው ሰላም ነው? ምን እንጠንቀቅ?

ለቤተሰብ በጣም ጥሩ ነው። የኪስ ሌባ በተጨናነቀ ትራምና ገበያ ውስጥ አለ። ጫማ የሚጠርግ ሰው ብሩሹን ፊታችሁ ጥሎ ቢያልፍ፣ ብታነሱለት “ላመስግናችሁ” ብሎ ጫማችሁን ጠርጎ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ሳትቆሙ እለፉ። መንገድ ላይ በፍጥነት ወዳጅ ሆኖ የሆነ ቦታ ልጋብዛችሁ የሚል ሰውን አመስግናችሁ ተለዩ። ልጆች ኪስ ውስጥ የሆቴሉን ካርድና የወላጅ ስልክ ቁጥር አድርጉ። ለፖሊስም፣ ለአምቡላንስም፣ ለእሳት አደጋም ቁጥሩ አንድ ነው፦ 112።

ድመት በየቦታው ታገኛላችሁ። ልጆች ይወዷቸዋል። ካልነኳቸው ችግር የለም፤ ከቧጨሩ ግን ቁስሉን በሳሙና በደንብ አጥባችሁ ሐኪም አሳዩ።

የምናልፈው በትራንዚት ብቻ ከሆነስ?

የቱርክ አየር መንገድ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ለሚቆዩ የትራንዚት መንገደኞቹ በነፃ የሚያዘጋጀው የከተማ ጉብኝት አለ። ለመውጣት ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። 6 ሰዓት ብቻ ካላችሁና ሕፃን ከያዛችሁ ግን ኤርፖርት ማረፍ ይሻላል። መንገዱ ብቻውን ሁለት ሰዓት ሊበላ ይችላል።

በመጨረሻው ቀን ከሆቴል በስንት ሰዓት እንውጣ?

በረራው ከመነሳቱ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ቀደም ብላችሁ። ለሱልጣን አህመት መንገዱ በሰላሙ ጊዜ አንድ ሰዓት ነው፤ ሥራ መውጫ ላይ ይበልጣል። ኤርፖርቱ መግቢያ ላይ አንድ ፍተሻ፣ ከፓስፖርት በኋላ ሌላ ፍተሻ አለ። ሻንጣ ከሚሰጥበት እስከ መሳፈሪያው በር የሚኬደውም ረጅም ነው፤ ለአያት ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስፈልግ ከሆነ ትኬት ስትቆርጡ አስመዝግቡ፤ እዚያ ደርሶ መጠየቅ ያዘገያል። ጋሪውን እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ መግፋት ስለሚቻል ከሻንጣ ጋር ቀድማችሁ አትስጡት።